ንቧ የት ሄደች?

የምርጫው ቀን ሰኞ ዋለ። ሰኔ 14 ቀን 2013። ደሴ ላይ ሰኞ የገበያ ቀን ነው። ሰኞ ገበያ የሚባል ሰፈር ያለን በከንቱ አይደለም። የ1997ቱም፣ የ2002ቱም፣ የ2007ቱም ምርጫ እሑድ ነበር የተደረገው። «ሰኞማ ምን በወጣኝ ተሰልፌ እውላለሁ? ሽንኩርቱን ማን ይሽጥልኝ?» ብላኝ ነበር ጉልት የምትቸረችር ጎረቤቴ በዋዜማው። ካርዷን ግን ቀደም ብላ አውጥታ በመሃረብ ቋጥራ አስቀምጣለች። በነጋታው 12 ሰዓት ሳይሞላ ሰልፉ ውስጥ አየኋት። ሽንኩርቱን ለልጇ ትታ መጥታለች።

እኔ ከበሩ ወዲያ ነበርኩ። አስተማሪ ነኝ፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ምርጫ አስፈፃሚ ሆንኩ። ለዚህ ሥራ የፓርቲ አባል አለመሆን ግድ ነው። እኔ አባል ሆኜ አላውቅም። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፣ ስብሰባ አልወድም።

ጣቢያችን የአንድ ትምህርት ቤት መማሪያ ክፍል ነበር። ክረምቱ እየገባ ስለነበር ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢውን ሞልቶታል። ሰው ጋቢውን ተከናንቦ፣ ማስኩን አጥልቆ ቆሟል። ማን ማን እንደሆነ የምለየው በአቋቋሙ ነው። ምርጫው ራሱ በኮሮና ምክንያት ተገፍቶ ነው እዚያ ቀን ላይ የደረሰው፤ መጀመሪያ የተቆረጠለት ነሐሴ 23 ቀን 2012 ነበር።

ረፋድ ላይ አንዲት እናት ገቡ። ሰፈሩ በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው። የልጅ ልጃቸው ደግፎ አመጣቸው። ወረቀቶቹን ተቀበሉ። አንዱን ዘረጉት። ወደ ላይ አዩ፣ ወደ ታች አዩ። ከዚያ ወደ መጋረጃው ከመግባታቸው በፊት፣ ለቅሶ ቤት በምናውቀው በዚያ ከፍ ባለ ድምፃቸው ጠየቁ።

«ንቧ የት ሄደች?»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። የፓርቲ ወኪሎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። እኔ ምን ልበል? ይሄኛው ነው፣ ያኛው ነው ብዬ ማሳየት አይፈቀድልኝም። «እማማ፣ እዚያ ካሉት የፈለጉት ላይ ነው ምልክት የሚያደርጉት» አልኳቸው።

«ያሉትንማ አየኋቸው። እኔ የጠየቅሁህ የሌለችውን ነው።»

ንቧ የኢህአዴግ ምልክት ነበረች። በእኛ ክልል ከንቧ ጀርባ የነበረው ድርጅት ስሙን ሲቀያይር ነው የኖረው። በ1973 ኢህዴን ሆኖ ተመሠረተ። በ1986 ብአዴን ተባለ። በ2011 መስከረም አዴፓ ሆነ። በ2012 ደግሞ ከሌሎቹ ጋር ተዋሕዶ ብልፅግና ውስጥ ገባ፤ ምልክቱም አምፖል ሆነ። ይህን ሁሉ ስም መከታተል ለእኔ ለአስተማሪው እንኳ አድካሚ ነው። ለእማማ ፓርቲ ማለት ለዓመታት ያቺው ንብ ነበረች።

ስለዚህ እማማን በሆዴ መዝገብ ውስጥ ንብ ስር ጻፍኳቸው።

አዎ፣ እንዲህ ያለ መጥፎ ልማድ አለኝ። ገና ከልጅነቴ ጀምሮ እከሌ ማንን ይመርጣል እያልኩ ጎረቤት እገምታለሁ። አንዳንድ ሰው በኳስ ይወራረዳል፣ እኔ ከራሴ ጋር በሰፈሬ እወራረዳለሁ። ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ዛሬ እዚህ ስጽፈውም ትንሽ አፍራለሁ።

ሰፈራችን ዳገት ነው። (ደሴ ውስጥ ዳገት ያልሆነ ሰፈር የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፣ ልከራይ።) ከታች አስፋልቱን ይዘው ሱቆቹ አሉ። ከነሱ ኋላ የቀበሌ ቤቶቹ ተደጋግፈው ቆመዋል። ወደ ላይ ሲወጣ ሰው በራሱ ጉልበት የሠራቸው ቤቶች ይጀምራሉ፤ ገሚሶቹ ካርታ አላቸው፣ ገሚሶቹ ካርታ እየጠበቁ ነው። በየግቢው ጓሮ ደግሞ የኪራይ ክፍል አለ። ወጣቱ እዚያ ነው።

ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው ስለ ወሎ ምርጫ ሲያወራ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «እስላሙ ማንን ይመርጣል? ክርስቲያኑስ?» ብሎ ነው። እኔ በዚህ መንገድ ገምቼ አንድም ቀን አልተሳካልኝም። ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ግቢ ውስጥ አያትየው ሐጂ ናቸው፣ የልጃቸው ሚስት ጥምቀት ላይ ነጭ ለብሳ ትወጣለች፣ ልጆቹ ሁለቱንም በዓል ይበላሉ። ይህን ቤት የትኛው ዓምድ ስር ልጻፈው?

እኔ የደረስኩበት ሌላ ነው። በእኛ ሰፈር ሰው የሚያዘነብለው ወደ ቤቱ ነው። ማለቴ የተኛበት ቤት በማን እጅ እንዳለ አይቶ ነው።

የቀበሌ ቤቱን እንውሰድ። ደርግ በሐምሌ 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ቀበሌ የሚባለውም ከዚያ ጊዜ ጋር የመጣ ነው። ደርግ ወደቀ፣ ቤቱ ግን ቀረ። በዚያ የምርጫ ዓመት እንኳ የወር ኪራዩ ለአንድ ማኪያቶ የማይበቃ ቤት ነበረ። እዚያ የሚኖር ሰው አከራዩ መንግሥት ነው። ጣሪያው ሲያፈስ የሚያስፈቅደው እሱን ነው። ልጁ አግብቶ አንድ ክፍል ልቀጥል ቢል የሚያስፈቅደው እሱን ነው። ይህ ሰው መንግሥትና ፓርቲ ሁለት ነገር መሆናቸውን በወሬ ያውቃል። ግን ከአከራዩ ጋር ሲጣላ አይታይም። በየዘመኑ የነበረውን ምልክት ሲያወድስ ነው የምትሰሙት። እማማ የሚኖሩት በቀበሌ ቤት ነው።

ሱቆቹ ሌላ ናቸው። ነጋዴ ለሁሉም ያዋጣል። ለዚህኛው ፓርቲ ስብሰባ ውሃ ይልካል፣ ለዚያኛው ወንበር ያውሳል። ግብር ገማቹ ነገ ማን እንደሚሆን አይታወቅማ። የላይኞቹ፣ ካርታ ጠባቂዎቹ፣ ለሁለት ይከፈላሉ። ካርታው ሊመጣ ነው የተባለው ዝም ይላል። ካርታው ቀረ የተባለው ይናደዳል። ሰውየው ያው ሰው ነው፣ የተቀየረው የወረቀቱ ዜና ነው።

ወጣቱ? በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ ጫቱን ይዞ፣ መንግሥት የሚያወርድና የሚሾም እሱ ነው። ድምፁ ከሰፈር ሰፈር ይሰማል። መዝገቡ ላይ ግን የለም። ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር መኖር ያስፈልግ ነበር። የእሱ መታወቂያ የደላንታ ነው፣ ወይም የተሁለደሬ፣ ወይም ጭራሽ የለም። በየሦስት ወሩ ክፍል ይቀይራል። አንዳንዱ ደግሞ «ምን ሊጠቅም» ብሎ ይተወዋል። መዝገቡን ሳገላብጥ የገረመኝ ይህ ነው። የሚጮኸው ሰው አልተመዘገበም፣ የተመዘገበው ሰው አይናገርም።

አለመናገሩ ደግሞ የፍርሃት ብቻ አይመስለኝም። ፍርሃትማ አለ። እኔ የመጀመሪያ ድምፄን የሰጠሁት በ1997 ነው፣ 19 ዓመቴ ነበር። አባቴ የፓርቲዎቹን ክርክር በሬዲዮ ሲሰማ በሩን ይዘጋል፣ ድምፁን ግን ከፍ ያደርገዋል። በሩን ለምን እንደሚዘጋ አልገባኝም ነበር። ልጆች በየመንገዱ ሁለት ጣት እያሳዩ ይሮጡ ነበር፤ የቅንጅት ምልክት ነው። ውጤቱ ሲወጣ ቅንጅት ከ547ቱ የፓርላማ ወንበር 109 አገኘ፣ ኢህአዴግ 327። ከዚያ የሆነውን ሁሉም ያውቃል፤ አዲስ አበባ ላይ ሰው ሞተ፣ መሪዎቹ ታሰሩ። ቀጥሎ አንድ ለአምስት መጣ። አምስት ሰው ለአንድ ሰው ተሰጥቶ፣ ማን ተመዘገበ፣ ማን ወጣ እየተባለ ተቆጠረ። በ2002 ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ 545 ወንበር ያዙ። በ2007 ሁሉንም፣ 547ቱንም። እንግዲህ የእኔ ሰፈር ግምት በእነዚያ ዓመታት ሥራ ፈታ።

ከፍርሃቱ ሌላ ግን ቅሬ አለ። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። የሰፈራችን ቅሬ እስላምም ክርስቲያንም ያለበት ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑን የሚተክለው፣ ቃሬዛውን የሚሸከመው፣ ሌሊት አብሮህ የሚያድረው ያ ማንን እንደመረጠ የማታውቀው ጎረቤትህ ነው። ባታውቅ ይሻልሃል። እሱም ስላንተ ባያውቅ ይሻለዋል። ሐጂን አንድ ቀን በድፍረት ጠይቄያቸው ነበር።

«ሐጂ፣ ለመሆኑ አንቱ ማንን መረጡ?»

«ልጄ፣ ነገ ሬሳዬን የሚሸከመው ማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅ። ታዲያ ምን ብዬ ልንገርህ?»

ሐጂ ብዙ አይተዋል። በጃንሆይ ጊዜ ለፓርላማ ሲመረጥ ፓርቲ የሚባል አልነበረም፤ ለመወዳደር ደግሞ ንብረት ያስፈልግ ነበር። «ያኔ ዛፍ ያለው ሰው ነው ጥላ የሚሆነን እያልን ነበር የምንመርጠው» ይላሉ። በደርግ ጊዜ ሰኔ 7 ቀን 1979 ለሸንጎ ሲመረጥ ደግሞ ተወዳዳሪ ነበር፣ ተቃዋሚ አልነበረም። የቀለም ሰው አይደሉም፣ ግን ስለ ምርጫ ሥርዓት ከብዙ ምሁር የተሻለ ያወራሉ። የቅሬውን ዳኛ እንዴት እንደምንመርጥ ብታዩ ይገባችኋል። በስብሰባው ቀን ድምፅ የሚሰጥ የለም። ስሙ ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ በየቡናው ላይ ዞሮ፣ የተቃወመው ተለምኖ፣ የቀረው ተመክሮ ያልቃል። ስብሰባው ላይ «እንግዲህ እገሌ ይሁን» ሲባል ሁሉም «ይሁን» ይላል። ፈረንጅ ቢያየው መቶ በመቶ አሸነፈ ይላል።

ስለ ደሴና ፖለቲካ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ደሴ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የተማረው ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 የብሔረሰቦችን ጥያቄ አንስቶ የጻፈው አጭር ጽሑፍ እስከ ዛሬ ያከራክራል። አንዳንዱ ነፃ አወጣን ይላል፣ አንዳንዱ ለያየን ይላል። እኔን የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ያ ጥያቄ የተነሳው ዘሩን ቁጠር ብትሉት ጣት ከሚያጥረው ከዚህ አገር በወጣ ልጅ ነው። የዚህ አገር ሰው እንዲህ ነው፦ እናቱ የወሎ ቦረና ሰው፣ አያቱ ከራያ፣ ሌላዋ አያቱ ከአፋር ጠረፍ፣ እሱ የሸዋበር ልጅ። ይህን ሰው የብሔር ስም ይዞ የመጣ ፓርቲ ሲጠራው «አቤት» ይላል። ፓርቲው ሲሄድ ወደ ወሎዬነቱ ይመለሳል። ይህን አድርባይነት የሚሉት አሉ። እኔ አልልም። ብዙ ስም ያለው ሰው በጠራኸው ነው የሚመልስልህ።

ወደ ሰኞው ልመለስ።

የመዝጊያው ሰዓት ማምሻውን 12 ነበር፤ ሰልፉ ስላላለቀ ቦርዱ እስከ 3 ሰዓት አራዘመው። ኮሮጆውን ስንከፍት ጨልሟል። ቆጠራ ያላያችሁ ካላችሁ፣ በጣም ቀስ ያለ ነገር ነው። አንድ ወረቀት ይነሳል፣ ለሁሉም ይታያል፣ ምልክቱ ይጠራል፣ ክምሩ ላይ ይቀመጣል። ወኪሎቹ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። «አምፖል… አምፖል…» ሲባል ትሰማለህ። መሃል ላይ ሌላ ይጠራል። እንደገና አምፖል።

የእኔ የቤት ቲዎሪ ልክ ከሆነ ገና ከመቆጠሩ በፊት ክምሮቹን አውቃቸዋለሁ። የቀበሌ ቤቱን ሰው፣ ሱቁን፣ ካርታ ጠባቂውን ደምሬ ጨርሻለሁ። አምፖሉ አሸነፈ፣ እሱን አገኘሁት። ሁለተኛው ክምር ግን ከገመትኩት በላይ ነበር። በጣም በላይ። ካርታ ጠባቂዎቹን በሙሉ ባስቆጣቸው እንኳ ያን ክምር አይሞሉትም። የተረፈው ከየት መጣ? የቆጠርነው እኛው ነን፤ በጣቴ የነካሁት ወረቀት ነው። የማን እንደሆነ ግን ወረቀት አይናገርም።

ያ ሁለተኛ ክምር የትም አልደረሰም። ሕጉ እንዲህ ነው። በአንድ የምርጫ ክልል ከሁሉም የበለጠ ድምፅ ያገኘው ወንበሩን ይወስዳል። ከመቶ ሰው አርባው አንዱን፣ ሠላሳ አምስቱ ሁለተኛውን፣ ሃያ አምስቱ ሦስተኛውን ቢመርጥ፣ አርባው ሙሉውን ወንበር ይዞ ይሄዳል። የስልሳው ሰው ድምፅ በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ብቻ ይቀራል። በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 ወንበሮች ብልፅግና 410 አገኘ። ይህን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው የእኛን ሰፈር አንድ ቀለም ነው ይላል። እኔ ግን ሁለተኛውን ክምር በእጄ አንስቼዋለሁ፣ ይከብዳል።

ዋጋ አልባ የተባሉም ነበሩ። አንዳንዱ ሁለት ቦታ ኤክስ አድርጓል። አንዳንዱ አውራ ጣቱን መስመሩ ላይ አሳርፎታል። አንደኛው ደግሞ ምንም ምልክት አላደረገም። ወረቀቱ ጥግ ላይ፣ በተማሪ ጽሕፈት፣ አንድ ቃል ጽፏል፦ «ውሃ»። ይህን ሳነብ የሦስቱም ፓርቲ ወኪሎች አንድ ላይ ሳቁ። ቀኑን ሙሉ አንድ ላይ የሳቁት በእማማና በዚህ ብቻ ነው። ሰፈራችን ቧንቧው በሳምንት አንዴ ከመጣ እልል የሚባልበት ነው። ወረቀቱን ዋጋ አልባ ክምር ላይ አስቀመጥኩት። ሕጉ ነው። እጄ ግን ትንሽ ዘገየ።

ሌሊቱን ውጤቱን ጽፈን በሩ ላይ ለጠፍነው። ጠዋት ሰው እየመጣ በስልኩ ፎቶ ያነሳ ነበር። ማንም ቆሞ አላወራበትም። አይቶ፣ አንስቶ፣ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አሳጥሬ ልለፈው፣ ረጅም አድርጌ ልጽፈው አልችልም። ክረምቱ ሳይወጣ ከቆቦ፣ ከወልድያ የተፈናቀለ ሰው ደሴን ሞላት። ትምህርት ቤቶቹ መጠለያ ሆኑ። ድምፅ የተሰጠበት ክፍል ውስጥ ስድስት ቤተሰብ ገባ። ሰልፉን ለማስያዝ አስረነው የነበረው ገመድ ላይ የሕፃን ልብስ ተሰጥቶበት አየሁ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ከተማዋ ደረሰ። እኔ ቤተሰቤን ይዤ ወጣሁ። መንግሥት ደሴና ኮምቦልቻ ተመልሰዋል ያለው ኅዳር 27 ነው። ስመለስ ያ ክፍል ወንበር አልነበረውም። በሩ ላይ የለጠፍነው ወረቀት ግን አራት ማዕዘኑ በፕላስተሩ ተይዞ ቀርቷል፣ መሃሉን ዝናብ በልቶታል።

ሐጂ በዚያው ወር አረፉ። ቃሬዛቸውን ተሸክሜያለሁ። ከፊቴ የያዘው የአንዱ ፓርቲ ወኪል ነበር፣ ከጎኔ ያ በረንዳ ላይ የሚጮኸው ልጅ። ዳገቱ ላይ ስንደክም ተቀያየርን።

እማማ ጋ ቡና የተጠራሁት ከአርባው በኋላ ነው። እሳቸው ከተማዋን ለቀው አልወጡም። «የት ልሂድ? ቤቱን ማን ይጠብቀው?» ነው ያሉት። ቤቱ የቀበሌ መሆኑን እኔም አላነሳሁ። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ላይ ነን። ጨዋታው ሲሞቅ ያቺ ሰኞ ትዝ አለችኝ።

«እማማ፣ የዚያን ቀን ንቧ የት ሄደች ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀብዎት አይደል?»

«እሰይ! መሳቃችሁማ ደስ ብሎኛል። ቀበሌው ሁሉ ሰምቶ፣ እሷ ሴትዮ የንቧ ናት ብሎ ሄደ።»

ሲኒው እጄ ላይ ቀረ።

«ታዲያ ንቧን አልነበረም የሚፈልጉት?»

«ነዋ። እንዳልነካት ነው የፈለግኋት።»

ከሳቸው ጋር የነበሩት ሁለት ሴቶች ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። የሚያውቁት ነገር ነበር ማለት ነው። ከእኔ በቀር ሁሉም።

«እሷን ሲያጧት ታዲያ የቱ ላይ አደረጉ?»

እማማ ጀበናውን አንስተው ወዘወዙት።

«ሲኒህን አምጣ፣ በረካው ደርሷል።»